የሚገጥም ሁሉ አይነበብም

ፍሎፒ ድራይቭ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በኮንትሮለር ካርድ በኩል ነው። ድራይቩ ዲስኩን ያሽከረክራል፤ ሄዱን ወደታዘዘው ትራክ ይወስዳል፤ ከመግነጢሱ የሚያገኘውን ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ ምት ቀይሮ ይልካል። ከዚያ ያለፈ እውቀት የለውም። ምቱ ምን ዓይነት ባይት እንደሆነ፣ ሴክተሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚለየው ካርዱ ነው። በሁለቱ መካከል 34 ሽቦ ያለው ጠፍጣፋ ገመድ ተዘርግቷል፤ ከካርዱ ጀርባ ደግሞ ባዮስና ዶስ አሉ። ከነዚህ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተስማማ ዲስኩ በቀዳዳው ሰተት ብሎ ይገባል፤ መብራቱ ይበራል፤ ሞተሩም ያጉረመርማል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን «ኤቦርት፣ ሪትራይ፣ ፌይል?» የሚል ጥያቄ ነው።

ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ተጠቃሚዎች የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ወረዳዎችን በሳተላይት ያገናኘው ወረዳኔት የመጣው ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እንደ ደቡብ ወሎው ቦረና ባለ፣ ከዞኑ ከተማ ርቆ ደጋ ላይ በተቀመጠ ወረዳ ኮምፒውተር የደረሰው ጽሕፈት ቤት ፋይሉን ወደ በላይ አካል ለመላክ ያለው አማራጭ ወይ በወረቀት ማተም ወይ በፍሎፒ መቅዳት ነበር። ፍሎፒው በሰው ቦርሳ ሆኖ ከወረዳው ከተማ ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል የዞኑ ከተማ ደሴ ይገባል፤ ጉዳዩ የክልል ከሆነም ባሕር ዳር ድረስ ይቀጥላል። እንዲህ የተጓዘ ዲስክ በሦስት ከተማ፣ በሦስት የተለያዩ ድራይቮች ይነበባል፤ በየደረሰበትም ይታረማል። የመጣጣም ችግር የሚወለደው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ድራይቮች ጤነኛ ሆነው እንኳ ችግሩ ሊፈጠር ይችላል።

መጠኖቹ እንዴት በዙ

ፍሎፒን ሥራ ላይ ያዋለው አይቢኤም ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ባለ 8 ኢንች ዲስክ ለሲስተም 370 ኮምፒውተሮች መነሻ ፕሮግራም መጫኛ ነበር። እስከ መጨረሻው የዘለቀውን የገመድ ስምምነት ያስቀመጠው ግን አላን ሹጋርት በ1973 የመሠረተው ሹጋርት አሶሲየትስ ነው። ኩባንያው በ1976 ለገበያ ያቀረበው ኤስኤ400 የመጀመሪያው ባለ 5.25 ኢንች ድራይቭ ሲሆን ባለ 34 ፒን ማገናኛ ነበረው፤ ተፎካካሪዎቹም ማገናኛውን እንዳለ ቀዱት። ሶኒ በ1981 ባለ 3.5 ኢንቹን፣ በጠንካራ ፕላስቲክ የተለበጠውንና የብረት መከለያ ያለውን ዲስክ አመጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የአይቢኤም ፒሲ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፒሲን ተከትሎ የመጣ የሒሳብ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ፒሲ በዲስኩ አንድ ገጽ ብቻ፣ በ40 ትራክ፣ በእያንዳንዱ ትራክ 8 ሴክተር፣ በእያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ይጽፍ ነበር፤ ድምሩ 160 ኪሎባይት ነው። በ1983 የወጣው ዶስ 2.0 ሴክተሮቹን 9 አደረገ፤ በሁለቱም ገጽ ሲጻፍ 360 ኪሎባይት ሆነ። በ1984 ኤቲ የተባለው ሞዴል 80 ትራክና 15 ሴክተር ያለውን የ1.2 ሜጋባይት ድራይቭ ይዞ መጣ። ባለ 3.5 ኢንቹ በ720 ኪሎባይት በ1986፣ በ1.44 ሜጋባይት ደግሞ በ1987 ከፒኤስ/2 ጋር ወደ አይቢኤም ቤት ገባ። በነገራችን ላይ 1.44 የሚለው ቁጥር ራሱ ትክክል አይደለም። ዲስኩ የሚይዘው 1,474,560 ባይት ነው፤ ይህ በአንዱ የአቆጣጠር ዘዴ 1.47፣ በሌላው 1.41 ሜጋባይት ይሆናል። 1.44 የተገኘው ሁለቱን ዘዴዎች በማደባለቅ ነው፤ ያም ሆኖ በዲስኩ ሳጥን ላይ ታትሞ ጸደቀ።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በ5.25 ኢንች ድራይቮች መካከል የ360ውና የ1.2ው ከውጭ ሲታዩ እምብዛም አይለያዩም፤ ዲስኮቹም እንዲሁ። በ3.5ቱ ዲስኮች ላይ ግን ልዩነቱን የሚናገር ምልክት ተበጅቷል። የ1.44ቱ ዲስክ ከመጻፍ መከልከያው ቀዳዳ ትይዩ ሁለተኛ ቀዳዳ አለው፤ ድራይቩም ቀዳዳውን ዳስሶ የዲስኩን ዓይነት ይለያል። ትልቁ ዲስክ እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው የስሕተቱ መዘዝ የከፋው በእርሱ ላይ ነው።

በሰፊው ላይ ጠባብ

የ360 ኪሎባይት ድራይቭ በአንድ ኢንች ውስጥ 48 ትራክ ያሰፍራል፤ የ1.2 ሜጋባይቱ 96። ስለዚህ የመጀመሪያው የሚጽፈው ትራክ ወደ 0.33 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ የሁለተኛው የዚያ ግማሽ ያህል ነው። የ1.2ው ድራይቭ የ360ውን ዲስክ ለማንበብ አይቸገርም። ሄዱን በእያንዳንዱ ትራክ ሁለት ሁለት እርምጃ ያራምደዋል፤ ጠባቡ ሄድ በሰፊው ትራክ መካከል ሆኖ ያነባል። ችግሩ የሚመጣው ሲጽፍ ነው። በሰፊ ማረሻ በወጣ ትልም መሐል ጠባብ ማረሻ ቢያልፍበት የቀድሞው ትልም ግራና ቀኝ ጠርዝ እንደሚቀር ሁሉ፣ ጠባቡ ሄድ መሐሉን ብቻ አድሶ የአሮጌውን ጽሑፍ ሁለት ጠርዝ ሳይነካው ይሄዳል።

የመካነ ሰላሙን ምሳሌ እንቀጥል። ወረዳው ያለው 360 ኪሎባይት ድራይቭ የተገጠመለት አሮጌ ኤክስቲ (ከኤቲ በፊት የወጣው የፒሲ ሞዴል) ነው እንበል። የበጀት ሠንጠረዡ ተቀድቶ ደሴ ይሄዳል። ደሴ ያለው ኤቲ የ1.2 ድራይቭ አለው፤ ፋይሉ ይከፈታል፤ ሦስት ቁጥሮች ይታረማሉ፤ በዚያው ዲስክ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ደሴ ላይ ደግሞ ቢከፈት በትክክል ይነበባል። ዲስኩ መካነ ሰላም ሲመለስ ግን ሰፊው ሄድ አዲሱን ጽሑፍና በጠርዙ የቀረውን አሮጌ ጽሑፍ አንድ ላይ ይሰማል፤ የሁለቱ ድምር የማንም ያልሆነ ምት ስለሆነ ኮምፒውተሩ «አይነበብም» ይላል። ወረዳው ደሴ ዲስኩን አበላሸብን ሲል ደሴ በበኩሏ የወረዳው ኮምፒውተር ተበላሽቷል ትላለች። ሁለቱም ማሽኖች ግን በትክክል እየሠሩ ነው።

መፍትሔው አንድ ሕግ ነው፤ የ360 ዲስክ በ1.2 ድራይቭ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። የግድ መጻፍ ካለበት ከዚያ በፊት ፎርማት ያልተደረገ አዲስ ዲስክ፣ ወይም በመግነጢስ ማጥፊያ ሙሉ በሙሉ የጸዳ ዲስክ ያስፈልጋል። እንዲህ ባለው ላይ የሚጋጭ አሮጌ ጠርዝ ስለማይኖር ሰፊው ሄድ ጠባቡን ትራክ ብዙውን ጊዜ ያነበዋል።

ሁለተኛው ልዩነት የመግነጢሱ ጥንካሬ ነው። የ360ው ዲስክ ቅብ ወደ 300 ኤርስቴድ በሚሆን መስክ ይገለበጣል፤ የ1.2ው ቅብ ወደ 600 ገደማ ይጠይቃል። የ360 ድራይቭ በ1.2 ዲስክ ላይ ለመጻፍ ቢሞክር የሄዱ ጉልበት ቅቡን በቅጡ አያንቀሳቅሰውም፤ ፎርማቱ ገና ከመጀመሪያው ይወድቃል። በባለ 3.5 ኢንቹ ላይ ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ የ720ው ከ600 በላይ፣ የ1.44ቱ ከ700 በላይ ኤርስቴድ ነው። አሳሳቹ ነገር ይሄ ነው። ብዙ ሰው በ720 ዲስክ ላይ በመሰርሰሪያ ወይም በጋለ ብረት ሁለተኛ ቀዳዳ እየበሳ ድራይቩን ያታልል ነበር። ዲስኩ 1.44 ተብሎ ፎርማት ይሆናል፤ ፋይሉም ይገባል፤ ከወራት በኋላ ግን መነበቡን ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይናገርም። የተበሳ ዲስክ ዛሬ ቢገኝ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍኖ አለዚያም ከፍቶ፣ በሁለቱም መንገድ መሞከር ያሻል። ምክንያቱም በየትኛው ድራይቭና በምን ፎርማት እንደተጻፈበት ከቀዳዳው አይታወቅም።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። የ360ው፣ የ720ውና የ1.44ቱ ድራይቭ በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራሉ፤ የ1.2ው ግን 360 ጊዜ። ዝቅተኛ ዴንሲቲ ዲስክ (የ360ው ወይም የ720ው) በ300 ዙር ሲነበብ በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ይወጣዋል። ያው ዲስክ በ360 ዙር ከዞረ ቢቶቹ በሄዱ ሥር ቶሎ ቶሎ ስለሚያልፉ ቁጥሩ 300 ሺህ ይሆናል። ከፍተኛ ዴንሲቲው (የ1.2ውና የ1.44ቱ) 500 ሺህ ነው። የ1.44ቱ ዲስክ በትራክ 18 ሴክተር ይዞ የ1.2ው 15 ላይ የቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቢቱ ፍጥነት እኩል ሆኖ ዲስኩ በፍጥነት ሲዞር በአንድ ዙር የሚጻፈው ያንሳል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች፣ 250፣ 300 እና 500 ሺህ፣ የኮንትሮለር ካርዱን ዕድል የሚወስኑ ናቸው።

ገመዱ

የሹጋርት ገመድ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሽቦዎቹ ሁሉ መሬት ናቸው፤ ሥራው የተከፋፈለው ለሙሉዎቹ ነው። 8 ቁጥር ዲስኩ አንድ ዙር መጨረሱን ያሳውቃል፤ 18 ሄዱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንዲሄድ ያዛል፤ በ20 አንድ ምት ሲላክ ሄዱ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ 26 ሄዱ ትራክ ዜሮ ላይ መድረሱን ይናገራል፤ የተነበበው በ30፣ የሚጻፈው በ22 ያልፋል።

በመጀመሪያው ስምምነት እስከ አራት ድራይቮች በአንድ ገመድ ተሰልፈው እያንዳንዱ በጃምፐር የራሱን ቁጥር ይይዝ ነበር። አይቢኤም ይህን ለማቅለል ሁሉንም ድራይቮች በአንድ ዓይነት፣ ማለትም በሁለተኛው ቁጥር አስቀምጦ ከ10 እስከ 16 ያሉትን ሽቦዎች በገመዱ መሐል ጠመዘዛቸው። ከጥምዝምዙ በኋላ ያለው ድራይቭ ኤ፣ ከጥምዝምዙ በፊት ያለው ቢ ይሆናል። ለፒሲ የተሠራ ድራይቭ ከፋብሪካ የሚወጣው በዚሁ ቁጥር ነው። ከሌላ ኮምፒውተር የተነቀለ ግን በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ፒሲው ድራይቩን ፈጽሞ አያገኘውም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ድራይቩን ሞቷል ብሎ ይጥላል፤ የሚያስፈልገው ግን ጃምፐሩን አንድ ቦታ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ገመዱ ተገልብጦ ሲሰካ ምልክቱ አይሳሳትም፤ የድራይቩ መብራት ኮምፒውተሩ ከበራበት ቅጽበት ጀምሮ ሳይጠፋ ይቆያል። ቀይ የተቀባው የገመዱ ጠርዝ አንድ ቁጥር ፒን ያለበት ወገን ነው። ገመዱ ተገልብጦ ሳለ ዲስክ ማስገባት አይገባም፤ ድራይቩ የመጻፍ ትእዛዝ የተሰጠው መስሎት ትራክ ሊያበላሽ ይችላል።

ከሁሉ ተንኮለኛው 34 ቁጥር ሽቦ ነው። ፒሲ በዚህ ሽቦ የሚጠብቀው ዲስኩ ተለውጧል የሚለውን ዜና ነው። የቀድሞው የሹጋርት ልማድ የሚልክበት ግን ድራይቩ ዝግጁ መሆኑን ነው፤ አሚጋን ለመሳሰሉ ኮምፒውተሮች የተሠሩ አንዳንድ ድራይቮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለው ድራይቭ ፒሲ ላይ ሲሰካ መጀመሪያ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። አንድ ዲስክ ገብቶ ማውጫው ይታያል፤ ወጥቶ ሌላ ሲገባ ግን ያው የፊተኛው ማውጫ እንደገና ይመጣል። ዶስ ዲስኩ መለወጡን አልሰማምና ካስታወሰው ያነባል። ማንበቡ ብቻ ቢሆን ግርታ ነው። ፋይል የተጻፈ እንደሆነ ግን የፊተኛው ዲስክ የቦታ ሠንጠረዥ በሁለተኛው ዲስክ ላይ ይታተምና ሁለተኛው ይጠፋል። ዲስክ ሲለወጥ ማውጫው የማይለወጥበት ማሽን ላይ ወዲያው ሥራ ማቆም ያስፈልጋል።

ካርዱ

የአይቢኤም ፒሲ ኮንትሮለር ልብ ፒዲ765 የተባለው የኤንኢሲ ቺፕ ነው፤ ኢንቴል 8272 ብሎ ያመረተው የእርሱን ተመሳሳይ ነው። የፒሲውና የኤክስቲው ካርድ ይህን ቺፕ በአንድ ፍጥነት ብቻ፣ በ250 ሺህ ቢት ያሠሩታል። በመሆኑም የ1.2 ወይም የ1.44 ድራይቭ ኤክስቲ ላይ ቢሰካ ሞተሩ ይዞራል፤ ሄዱ ይራመዳል፤ ከፍተኛ ዴንሲቲ ዲስክ ግን አይነበብም። ሦስቱንም ፍጥነቶች የያዘው ከኤቲ ጀምሮ ያለው ካርድ ነው። ለኤክስቲ ከፍተኛ ዴንሲቲ የሚፈልግ ሰው የራሱን ባዮስ በሮም ይዞ የሚመጣ፣ ባለ 8 ቢት መክተቻ የሚገባ ካርድ ማግኘት ይኖርበታል። ካርዱ ፍጥነቱን ቢያውቅ እንኳ የማሽኑ ባዮስ ከ360 ሌላ ድራይቭ መኖሩን አልሰማም፤ የካርዱ ባዮስ ያንን ጉድለት ይሞላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት መልካም ዜና አለ። የ720 ድራይቭ ከኤክስቲው ካርድ ጋር ይስማማል። ትራኩ 80 ይሁን እንጂ ፍጥነቱ ያው 300 ዙርና 250 ሺህ ቢት ነው። ለካርዱ አዲስ ነገር የለም፤ ማወቅ ያለበት ዶስ ብቻ ነው፤ ለዚያም ከዶስ 3.2 ጀምሮ ድራይቨር.ሲስ የተባለ ፋይል አለ። የ1.44 ድራይቭም ቢሆን የ720 ዲስክ እስከገባበት ድረስ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከሁለት አሮጌ ማሽኖች አንዷን ለማዳን ለሚጥር ባለሙያ ይህን ማወቁ ካርድ ከመፈለግ ያድነዋል።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የፍሎፒው ኮንትሮለር ከሃርድ ዲስክ፣ ከፕሪንተርና ከሞደም መሰኪያ ጋር በአንድ ካርድ ተጠቃለለ፤ በፔንቲየም ዘመን ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ሰፈረ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር የመጋጨት ነው። ፍሎፒ ኮንትሮለር በፒሲ ላይ ቋሚ አድራሻ አለው፤ 3ኤፍ0 ከተባለው ቦታ ይጀምራል፤ 6 ቁጥር መጥሪያና 2 ቁጥር ዲኤምኤ ይይዛል። ማዘርቦርዱ የራሱ ካለው ሌላ ካርድ ሲጨመርበት ሁለቱ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ አንዱ በጃምፐር ወይም በባዮስ ካልታገደ ሁለቱም አይሠሩም። የኋለኞቹ ማዘርቦርዶች አንድ ድራይቭ ብቻ ይቀበላሉ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ በባዮሳቸው ዝርዝር ውስጥ የ5.25 ስም የለም። ፍሎፒ ለማንበብ የሚመረጠው ማሽን እንግዲህ ከሁሉ አዲሱም ከሁሉ አሮጌውም አይደለም። ከ486 እስከ ፔንቲየም 3 ያለው፣ ሁለት ድራይቭ የሚቀበል ባዮስ ያለው ከሌላው ሁሉ ይሻላል።

መጋዘን ውስጥ የቆየ ማሽን ሌላ ደዌ አለው፤ ባትሪው። ከኤቲ ጀምሮ ያሉ ኮምፒውተሮች የድራይቩን ዓይነት የሚያስታውሱት በባትሪ በሚጠበቅ ትንሽ ማህደር ነው። ባትሪው ሲሞት ማሽኑ የ1.44 ድራይቩን 360 ነው ወይም የለም ይላል፤ ሰውም ድራይቩን ይከስሳል። በመጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ዓይነቱን ማስተካከል ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ በርሜል መሰል ባትሪ ካለ ደግሞ ፈሳሹ ወጥቶ መስመሮቹን በልቶ እንደሆነ ከማብራት በፊት መታየት አለበት።

ፒሲ ያልሆኑትን በአጭሩ። የማኪንቶሽ የ400ና የ800 ኪሎባይት ዲስክ ባለ 3.5 ኢንች ሆኖ ፒሲ ድራይቭ ውስጥ በሚገባ ይገባል፤ ግን የአጻጻፉ ስልት የተለየ ሲሆን የመዞሪያ ፍጥነቱም ከትራክ ትራክ ይቀያየራል። የተለመደው የፒሲ ኮንትሮለር ካርድ አያነበውም። ማኪንቶሾች ከ1988 ጀምሮ የያዙት ሱፐርድራይቭ ግን የፒሲን 1.44 ያነባል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ማሽን በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ መሆን ይችላል። የ8 ኢንች ድራይቭ ካጋጠመ በቅድሚያ ሞተሩ ይታይ። ብዙዎቹ በቀጥታ በመስመር ኤሌክትሪክ ይዞራሉ፤ ለአሜሪካ 60 ኸርዝ የተሠራው በኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ላይ ከ360 ይልቅ 300 ዙር ብቻ ይዞራል፤ ፑሊው ካልተቀየረ አንድም ሴክተር አያነብም።

ኤሌክትሪኩና ደጋው

ከአሜሪካ በዕርዳታ ወይም በዘመድ የመጣ ኮምፒውተር ጀርባው ላይ ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ይኖረዋል። 115 ላይ እንዳለ በ220 ቮልት ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይተኩሳል፤ ድራይቩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ መብራቱ የሚጠፋው ፋይል እየተጻፈ ከሆነ ጽሑፉ ዲስኩ ላይ ቢቀመጥም ማውጫው ስላልታደሰ የጠፋ ይመስላል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሴክተሮቹን በቀጥታ በማንበብ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ከፍታን በተመለከተ ፍሎፒ ከሃርድ ዲስክ የተሻለ ዕድል አለው። የሃርድ ዲስክ ሄድ ገጹን አይነካም፤ በአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ስለሚቀንስ አምራቾች በተለምዶ የሥራ ገደብ የሚያደርጉት ወደ 3,000 ሜትር ነው። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከገደቡ በታች ናት፤ ከዚያ በላይ ወዳሉት የደቡብ ወሎ ውርጭማ ቦታዎች ሲወጣ ግን ገደቡ ይታለፋል። የፍሎፒ ሄድ ዲስኩን ነክቶ ስለሚያነብ አየሩ ቢሳሳ አይገደውም። የሚጎዳው አቧራ፣ የከሰል ጭስና ከቅዝቃዜ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ የሚይዘው ጤዛ ነው። ከቀዝቃዛ መጋዘን የወጣ ሳጥን ከመከፈቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ሰዓታት መቆየት ይኖርበታል።

ሳጥኑ ሲከፈት

ከአንድ ቢሮ መጋዘን የወጣ የፍሎፒ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል እንበል። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ዲስኮቹን ከመጻፍ መከልከል ነው፤ እዚህም ሁለቱ መጠኖች ተቃራኒ ልማድ አላቸው። በ5.25ቱ ላይ በጎኑ ያለው ጎድጓዳ በፕላስተር ሲሸፈን ዲስኩ ይጠበቃል። በ3.5ቱ ላይ ግን መስኮቱ ክፍት ሲሆን ነው የሚጠበቀው። ቀጥሎ መከለያውን ገልጦ ገጹን በብርሃን ማየት ነው። ሻጋታ ያለበት ዲስክ ድራይቭ ውስጥ ከገባ ሄዱን ያቆሽሻል፤ የቆሸሸው ሄድ ተከታዩን ጤነኛ ዲስክ ይቧጥጣል። ስለዚህ ሄዱ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጸዳል፤ መጀመሪያ የሚገባውም ቢበላሽ የማያስቆጭ ዲስክ ይሆናል።

ዊንዶውስ «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፤ ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «አይደረግ» ነው። ጥያቄው ዲስኩ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ከላይ ከተዘረዘሩት አለመግባባቶች አንዱ ተከስቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ዲስክ በሁሉም ድራይቭ እምቢ ብሎ በጻፈው ድራይቭ ብቻ ሲነበብ ደግሞ ምክንያቱ የዚያ ድራይቭ ሄድ ከመስመሩ መዛነፉ ነው። ድራይቩን ማስተካከል ትክክለኛ ሥራ ይመስላል፤ ዲስኮቹ ሳይቀዱ ከተስተካከለ ግን ራሱ የጻፋቸውን እንዳያነብ ይሆናል። አሮጌ ኮምፒውተር ሲወገድ ድራይቩ ተነቅሎ ከዲስኮቹ ጋር መቀመጥ ያለበትም ለዚህ ነው።

ገበያ ላይ የሚገኘው የዩኤስቢ ፍሎፒ ለ1.44ና ለ720 ዲስክ ይበቃል፤ የ5.25 መሰኪያ የለውም፤ የተጎዳ ሴክተር ሲያጋጥመውም ከመተው በቀር አማራጭ አይሰጥም። እንደ ክራዮፍለክስና ግሪስዊዝል ያሉት ትናንሽ ካርዶች ግን ሌላ መንገድ ይከተላሉ። አሮጌውን ድራይቭ በዚያው የ34 ሽቦ ገመድ ይይዙና ምቱን ሳይተረጉሙ፣ በምትና በምት መካከል ያለውን ጊዜ ብቻ መዝግበው በዩኤስቢ ያስተላልፋሉ። የኮንትሮለር ቺፑ ሥራ ለፕሮግራም ስለሚተው የማኪንቶሹም፣ በ360 ዙር የተነበበው የ250 ሺህ ቢት ዲስክም በኋላ በሒሳብ ይፈታል። እንዲህ ያለ አንድ ካርድ ከአንድ የ1.2ና ከአንድ የ1.44 ድራይቭ ጋር ለአንድ ዞን መዝገብ ቤት፣ ወይም መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ላለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ዓይነት ተቋም ይበቃዋል። አሥር አሮጌ ኮምፒውተር ከመሰብሰብ ይህ ይሻላል።

ከተነበበ በኋላ

ዲስኩ ያለ እንከን ተነብቦ ፋይሉ ሲከፈት ግን ኢትዮጵያዊው ባለሙያ ሌላ አለመጣጣም ይጠብቀዋል። በዶስ ዘመን አንድ ቁምፊ አንድ ባይት ነበር፤ ቦታው 256 ብቻ። የአማርኛ 33 ሆሄያት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው ይሞላና ያልፋል፤ ላቲኑም ቦታ ይፈልጋል። ፍሥሐ አጥላው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዳሸን ኢንጂነሪንግ ካዘጋጀው የአማርኛ መጻፊያ ጀምሮ ሠሪዎቹ ይህን ጠባብ ቦታ በየራሳቸው ዘዴ ተካፈሉት። አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱ መነሻ ሆሄውንና የቤቱን ምልክት በተለያዩ ባይቶች አስቀመጠ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ዋሽራ፣ አጋፋሪ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል 345 ቁምፊ ሰጥቶ ያካተተው በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ከሳጥኑ ውስጥ አስቀድሞ የሚቀዳው ሪፖርቱ ሳይሆን የመጻፊያ ፕሮግራሙ መጫኛ ዲስክ ነው፤ ፎንቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። መጫኛው ከጠፋ የቁጥር ሠንጠረዡ ከደብዳቤዎቹ ራሳቸው ይወጣል። የመንግሥት ደብዳቤ አጻጻፍ የታወቀ ስለሆነ ለፈቺው ያግዘዋል፤ አናቱ ላይ «ቁጥር» እና «ቀን»፣ ከሥሩ «ከሰላምታ ጋር»፣ ቀጥሎ «ግልባጭ» አለ። ከመካነ ሰላም የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ የከተማዋን ስም ይይዛል፤ «መካነ ሰላም» እና «ከሰላምታ» ሦስት ፊደል ይጋራሉ። በአድራሻው መጨረሻ የተገኘው የባይቶች ተራ በመሰናበቻው ቃል መሐል ሳይዛነፍ ከተደገመ ሰ፣ ላ እና ም ተገኝተዋል ማለት ነው፤ የቀሩት ሆሄያት ከነዚህ ተነስተው ቃል በቃል ይሞላሉ።